ትል መድኃኒት ይሆናልን?

የትል ማስወገጃ ክኒን በትምህርት ቤት በሚታደልበት ቀን አንድ አባት ወደ መምህሩ ቀረብ ብለው፣ «በውጭ አገር ያሉ ሐኪሞች በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ ትል እያስገቡ ያክማሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እናንተ ደግሞ ከልጆቻችን ሆድ ትሉን ታስወጣላችሁ፤ ታዲያ ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ መምህሩ ምን ይመልስላቸዋል? ወሬው ሐሰት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በእርግጥ የተደረገ ነገር ነውና። እውነት ነው ብሎ ዝም ማለትም አይበቃም፤ በግማሽ የተነገረ እውነት ከሐሰት ያላነሰ ጉዳት ያመጣልና።

ስለዚህ በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በአካባቢያቸው ላሉ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ጉዳዩን ከሥሩ ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም፤ የምርምሩ አንዱ ክፍል የተካሄደው በገዛ አገራችን፣ በጅማና በዚሁ በቡታጅራ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ዘበኛው ባለቤቱን ሲመታ

የሰው ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚከላከልበት ኃይል አለው። ይህ ኃይል በሌሊት ግቢ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ነው፤ ሌባውን ከቤተ ሰቡ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ዘበኛው ይሳሳትና እንግዳውን ወይም የቤቱን ባለቤት ይመታል። አስም፣ በአበባ ብናኝና በአቧራ የሚነሣው ማስነጠስ፣ የነርቭን ሽፋን የሚያቈስለው መልቲፕል ስክሌሮሲስ የተባለው ሕመም፣ እንዲሁም ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ ከዚህ ስሕተት የሚመጡ ናቸው።

ሴሊያክ ያለበት ሰው የማይስማማው ግሉተን የሚባለው ነገር ነው። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ይገኛል። የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ ምግብን በሚመጡ፣ እንደ ምንጣፍ ጠጉር ባሉ ጥቃቅን ጣቶች የተሸፈነ ነው። ሕመምተኛው ግሉተን ያለበትን ምግብ በበላ ቍጥር የሰውነቱ መከላከያ ተቈጥቶ እነዚህን ጣቶች ያወድማቸዋል። በዚህም ምክንያት ሰውየው እየበላ ይከሳል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ደሙ ያንሳል። ሕፃን ከሆነም እድገቱ ይገታል። ስንዴ ከምግባቸው ሲወጣ ልጆቹ እንደሚሻላቸው በ1950 ዓ.ም. በመጽሐፍ ያስረዱት ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ የታወቀው ሕክምና አንድ ነው፤ ይኸውም ግሉተን ካለበት ምግብ ዕድሜ ልክ መታቀብ ነው። አንዲት ቍራሽ ዳቦ እንኳ የምታስፈራው ሰው ሌላ መፍትሔ ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

በ1989 ዓ.ም. ዴቪድ ስትራካን የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋሉ። ብዙ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ያሏቸው ልጆች በአበባ ብናኝ የሚመጣው ሕመም እምብዛም አያገኛቸውም ነበር። ምናልባት በልጅነት የሚመጡት ተላላፊ በሽታዎች የሰውነትን መከላከያ ልክ ያስተምሩት ይሆናል የሚል ግምት ከዚህ ተነሣ።

ግምቱ ወደ ትል እንዲያመራ ካደረጉት ጥናቶች አንዱ የእኛው አገር ነው። በ1997 ዓ.ም. በታተመው ጥናት በጅማ ከተማ 9,844፣ በዙሪያው ባለው ገጠር ደግሞ 3,032 ሰዎች ስለ አስም ተጠየቁ። አስም አለብኝ ያለው በከተማ ከመቶ 3.6 ሲሆን በገጠር ከመቶ 1.3 ብቻ ነበር። በዚያው በጅማ ተካሂዶ በ2001 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የሚልበት ዕድል ያነሰ መሆኑን፣ የትሉ ብዛት ሲጨምርም ይህ ዕድል ይበልጥ እንደሚቀንስ አሳየ። በ2007 ዓ.ም. ከአርጀንቲና የወጣ ጽሑፍም 12 የመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕመምተኞች የአንጀት ትል ስለ ያዛቸው ሕመማቸው ትል ከሌለባቸው መሰሎቻቸው ይልቅ ቀለል እንዳለላቸው ገለጠ።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ትል በሰው አንጀት ውስጥ ለዓመታት ለመኖር የሚችለው ዘበኛውን ማባበል ስለሚያውቅ ነው። ከሰውነቱ የሚያመነጨው ልዩ ልዩ ንጥረ ነገር የሰውየውን መከላከያ የሚያረጋጉትን ሕዋሳት ያበዛል። ትሉ ይህን የሚያደርገው ለራሱ ኑሮ ነው፤ ነገር ግን ዘበኛው ሲረጋጋ ሌላውም ቍጣ አብሮ ይበርድ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው ብቻውን አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አያደርስም። ስለዚህ መሞከር አስፈለገ።

የተሞከረውና የተገኘው

በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዴቪድ ፕሪቻርድ ሌላውን ሰው ከመሞከራቸው በፊት በ2004 ዓ.ም. የመንጠቆ ትል ዕጮችን በገዛ ክንዳቸው ላይ በፋሻ አሰሩ። ዕጮቹም ቆዳቸውን በስተው ገቡ። ከዚያም በ32 የአስም ሕመምተኞች ላይ ሙከራ ተደረገ፤ እኩሌቶቹ 10 ዕጭ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ትል የሌለበት ማስመሰያ ተሰጣቸው። በ2010 ዓ.ም. የታተመው ውጤት ትሉ አስሙን ለማሻል እንዳልበቃ አስታወቀ።

በሴሊያክ ላይ ሙከራው የተካሄደው በአውስትራሊያ ነው። መጀመሪያ በ20 ሕመምተኞች ተሞከረ። ትሉን የተቀበሉት ስንዴ በበሉ ጊዜ ማስመሰያ ከተቀበሉት የተለየ ጥቅም አለማግኘታቸው በ2011 ዓ.ም. ተጻፈ። መርማሪዎቹ ግን ተስፋ አልቈረጡም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ስንዴ ከማብላት ይልቅ ጥቂት በጥቂት ማስለመድ ይሻል ይሆናል አሉ። ለ12 ሰዎች 20፣ 20 ዕጭ ሰጥተው፣ ከ10 ሚሊግራም ግሉተን ጀምረው በወራት ውስጥ በቀን እስከ 3 ግራም አደረሱ። በ2015 ዓ.ም. ያወጡት ውጤት እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ብዙዎቹ ግሉተኑን ቻሉት። ነገር ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚነጻጸሩበትም ማስመሰያ የተቀበለ ቡድን አልነበረም። ስለሆነም በ54 ሕመምተኞች ላይ፣ በዕጣ ተከፍለው፣ ከማስመሰያ ጋር ተነጻጽሮ እንደገና ተሞከረ። በ2020 ዓ.ም. የታተመው ይህ ጥናት ትሉ ሕመምተኞቹ በየቀኑ መካከለኛ መጠን ያለው ግሉተን እየበሉ እንዲኖሩ እንዳላስቻላቸው ገለጠ። አልፎ አልፎ ጥቂት ግሉተን በቀመሱ ጊዜ የሚሰማቸው ስሜት ግን ቀለል ያለላቸው ነበሩ።

በሌሎች በሽታዎችም የሆነው ተመሳሳይ ነው። በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የትልቁ አንጀት ቍስለት ያለባቸው ሕመምተኞች የእሪያ ትል እንቍላል ጠጥተው ከመቶ 43 ሲሻላቸው፣ ማስመሰያ ከጠጡት የተሻላቸው ከመቶ 17 ነበሩ። ይህ ብዙ ተስፋ አሳደረ፤ ነገር ግን ክሮን በሚባለው የአንጀት ሕመም ላይ በሰፊው የተደረጉት ሙከራዎች በ2013 ዓ.ም. ሳይሳኩ ቀሩ። በ2020 ዓ.ም. የታተመው የኖቲንግሃም ጥናትም 71 የመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕመምተኞችን መርምሮ፣ የሚያረጋጉት ሕዋሳት ቢበዙም የታሰበው የሕመም መሻሻል በጉልህ እንዳልታየ አስታወቀ።

እንግዲህ የአባትየው ወሬ ሙሉው ይህ ነው። ትል ለሕክምና መሞከሩ እውነት ነው፤ ትል በሽታን አዳነ ማለት ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

የቡታጅራ ልጆች ምን አሳዩ?

ቡታጅራ በሕክምና ምርምር ዓለም የታወቀ ስም አላት። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን እየመዘገበ የሕዝቡን ጤና ሲያጠና ኖሯል። በዚሁ ሥፍራ ከ2005 እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ 1,065 ነፍሰ ጡር እናቶች ተመዝግበው፣ የወለዷቸው ልጆች ከዓመት ወደ ዓመት ተጠኑ። አለማየሁ አምበርብርና ባልደረቦቻቸው ከመረመሯቸው ነገሮች አንዱ በትልና በአስም መካከል ያለው ግንኙነት ነበር።

የተገኘው ያልተጠበቀ ነው። ከእናቶቹ ከመቶ 43 ያህሉ የአንጀት ትል ሲገኝባቸው፣ ከአንድ ዓመት ሕፃናት ግን የተገኘባቸው ከመቶ 5 እንኳ አልሞሉም። ትሉ ጥቂት በመሆኑም ሕፃናቱን ከደረት ሲርታ ይጠብቅ እንደ ሆነ ለመፍረድ አልተቻለም። በአንጻሩ ሌላ ነገር ጐልቶ ታየ። በመጀመሪያው ዓመታቸው ፓራሲታሞል የተሰጣቸው ሕፃናት እስከ ሦስት ዓመታቸው ድረስ ደረታቸው ሲር ሲር የሚልበት ዕድል ካልተሰጣቸው በልጦ ተገኘ፤ ክኒኑ በበዛ መጠንም ዕድሉ ጨመረ። ይህም ቢሆን አብሮ መገኘት ነው እንጂ የተፈረደበት ምክንያት አይደለም፤ ፓራሲታሞልም ትኵሳትን ለማብረድ የሚጠቅም መድኃኒት ነው። ለወላጅ የሚሆነው ትምህርት መድኃኒት በግምት ሳይሆን በሐኪም ትእዛዝና በልክ እንዲሰጥ ነው። ለእኛ ጥያቄ የሚሆነው ትምህርት ደግሞ የአስም ምክንያቱ ብዙ መሆኑንና ሁሉን ነገር በትል መኖር ወይም አለመኖር መተርጐም እንደማይገባ ነው።

በቍጥር የገባና ሳይቈጠር የገባ ትል

ምናልባት አባትየው፣ «ጥቂት ጥቅም ካለው ታዲያ ትሉ በልጆቹ ሆድ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል።

አንድ የመንጠቆ ትል፣ ደም የሚመጠው በጣም ትንሹ ዓይነት እንኳ፣ በቀን 0.03 ሚሊሊትር ያህል ደም ያባክናል። አሥር ትል የተሰጠው ጥጋበኛ አውስትራሊያዊ በቀን የሚያጣው 0.3 ሚሊሊትር፣ ማለት ጥቂት ጠብታ ነው። ሥጋና ወተት ይበላል፤ ደሙም በየጊዜው ይመረመራል፤ ከታመመም መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይሰጠዋል። በሽንት ቤት ስለሚጠቀም እንቍላሉ መሬት አይነካም። ትሉም በሰው ሆድ ውስጥ አይራባም፤ አሥር ከገባ ከአሥር አይበልጥም።

በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ የሚሄድ ልጅ ግን ስንት ትል እንደገባበት የሚቈጥርለት የለም። ሁለት መቶ ትል ቢኖርበት በቀን 6 ሚሊሊትር፣ በወር 180 ሚሊሊትር፣ ማለት አንድ ሙሉ የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ደም ያጣል። በየቀኑ ሥጋ የማይበላ ልጅ ይህን ከየት ይተካዋል? ፊቱ ይገረጣል፤ ሲሮጥ ያለከልካል፤ በክፍል ውስጥም ያንቀላፋል። መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ የሚቈጣው ልጅ ደም ያነሰው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የከፋም አለ። ዘበኛውን የሚያባብል ትል በእውነተኛው ሌባ ፊትም ያስተኛዋል። ዳንኤል ኤልያስና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ አጥንተው በ2001 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፣ የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት ከመወጋታቸው በፊት የትል መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ሰውነታቸው ለክትባቱ የሰጠው መልስ ካልወሰዱት የበረታ ነበር። ቢ.ሲ.ጂ. የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ነው። ነቀርሳ ባለበት አገር የተኛ ዘበኛ እጅግ ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

«እንግዲያስ ትሉን ስናወጣ አስም እናመጣ ይሆንን?» የሚለውም ሥጋት ተመርምሯል። በኢኳዶር ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየሁለት ወሩ አልቤንዳዞል ተሰጥቷቸው አስምና የቆዳ ቍጣ አልጨመረባቸውም፤ ይህ በ2006 ዓ.ም. ታተመ። በቬትናም ደግሞ የልጆቹ ቆዳ በምርመራ ጊዜ ለአቧራና ለመሰል ነገሮች ይበልጥ ቢቈጣም የአስም ምልክታቸው እንዳልበዛ በ2010 ዓ.ም. ተገለጠ። በኡጋንዳ ግን በእርግዝናቸው ጊዜ አልቤንዳዞል ከወሰዱ እናቶች በተወለዱ ሕፃናት ላይ የቆዳ ቍጣ በዝቶ ታይቷል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት የትል መድኃኒት የምትወስደው ራሷ ገዝታ ሳይሆን በጤና ባለሙያ ውሳኔ ብቻ መሆን አለበት።

የኖርንበት ጐረቤት

ከትል ጋር አብሮ መኖር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፤ ወስፋት ግን የትል ስም ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ኮሶ ከሰው ስለማይጠፋ፣ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ የኮሶ ዛፍ አበባ ፈጭተው ይጠጡ ነበር። ባለፈው ጊዜ የመጡ የውጭ አገር መንገደኞች ኮሶ የሌለበት ሰው ጤናማ አይደለም ይባል እንደነበር ጽፈዋል። ይህ አነጋገር ከዛሬው የፈረንጅ ሐሳብ ጋር ቢመሳሰልም ልዩነቱን ማስተዋል ያሻል፤ አባቶቻችን ትሉን ቢለምዱትም በየጊዜው ያስወጡት ነበር እንጂ መድኃኒት ብለው አላሳደጉትም። መጠኑ ያለፈ የኮሶ መጠጥ ሰውን የሚመርዝ ስለሆነ ዛሬ በክኒን መተካቱ ተገቢ ነው። ክትፎ ወዳዱም ሥጋው በጤና ተቈጣጣሪ የታየ መሆኑን ይጠይቅ፤ ለብለብ የተደረገ ሥጋ የኮሶን ዕጭ እንደማይገድልም ይወቅ።

ለወደፊት የሚጠበቀው

ምርምሩ ከንቱ ነው አንልም። ሊቃውንቱ ዛሬ የሚደክሙት ትሉን ትተው ጥበቡን ለመውሰድ ነው። በአውስትራሊያ የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ከመንጠቆ ትል የሚመነጨውን አንድ ፕሮቲን ለይተው፣ በአይጦች ላይ የአየር መተላለፊያን ቍጣ እንዳበረደ በ2016 ዓ.ም. አሳትመዋል። አንድ ቀን ይህ ነገር ተጣርቶና ተመዝኖ በክኒን ወይም በመርፌ ይመጣ ይሆናል። ያ ቀን እስኪደርስ ግን በመሬት ላይ ያለው ትል መሬት ላይ ይቅር።

ለመምህራንና ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

1ኛ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው በትምህርት ቤት የሚሰጠው የትል መድኃኒት በሚታደልበት ቀን ተማሪ ሁሉ እንዲገኝ ወላጆችን አስቀድሞ ማስታወቅ። ክኒኑ ያለውን ትል ያስወጣል እንጂ አዲሱን አያግድም፤ የሚያግደው ሽንት ቤት፣ ጫማና ሳሙና ነው።

2ኛ፤ ሽንት ቤት መቈፈር ብቻ ሳይሆን ልጆች በእርግጥ እንዲገለገሉበት ንጹሕ አድርጎ መያዝ። በጓሮ በእንሰቱ ሥር መጸዳዳት የትል እርሻ መክፈት ነው፤ የመንጠቆ ትል ዕጭ ጥላ ያለበትና እርጥብ አፈር ይወዳልና።

3ኛ፤ የትል መድኃኒት በተገቢው ወስዶ ሳለ ሆዱ የሚነፋ፣ ተቅማጥ የማይለቀው፣ የማያድግና ደሙ የማይመለስ ልጅ ሲገኝ «ትል ነው» እያሉ ክኒን ከመደጋገም ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ። የሴሊያክ ምልክት የትልን ምልክት ይመስላል፤ የሚለየውም በምርመራ ነው። ምርመራው ሳይፈጸም ስንዴን ከምግቡ ማውጣት በሽታውን ይሰውረዋል።

4ኛ፤ ሴሊያክ መሆኑ በሐኪም የታወቀለት ሰው በጉራጌ አገር ከሌላው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ቆጮና ቡላ፣ ንጹሕ የጤፍ እንጀራም ግሉተን የለባቸውም። ከገበያ የሚገዛው እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ግን ይጠንቀቅ። ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ የገብስ ቆሎና በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላ ለእርሱ የተከለከሉ ናቸው።

5ኛ፤ በማንኛውም መንገድ የሚሸጥ የትል ዕጭ ወይም እንቍላል ገዝቶ አለመዋጥ፤ የያዛቸውን ትልም አስሙን ይከላከልልኛል ብሎ አለማስቀመጥ።

ለዚያ አባት እንግዲህ መልሱ አጭር ነው። ከሁለቱም ወገን ያሉት ሐኪሞች አልዋሹም። እነዚያ አሥር ትል ቈጥረው፣ ፈቃደኛ የሆነውን አዋቂ ሰው በየጊዜው እየመረመሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መልሱም ገና አልተገኘም። እኛ ግን ያልተቈጠረ ትል ያልተጠየቀ ሕፃን ደም ሲመጥ እናያለን፤ የዚህም መልሱ ከታወቀ ቈይቷል። ልጅዎ ክኒኑን ይዋጥ፤ ጫማውንም ያድርግ።